“ፈቃድ”፣ “ቁጥጥር” እና “ማባዛት”፦ በመዝገብ ሰርቨር ሥራ ላይ የሚውሉ ስያሜዎች ሒስ

ሙያዊ ቃላትን ወደ አማርኛ የመመለስ ሥራ በሚመዘንበት ጊዜ ዘወትር የሚነሡት ጥያቄዎች የታወቁ ናቸው። ቃሉ ለጆሮ ይስማማል ወይ? ከግእዝ የተወሰደ ነው ወይስ ከባዕድ? ለእርባታ ይመቻል ወይ? እነዚህ ሁሉ ተገቢ ጥያቄዎች ናቸው። ይሁን እንጂ ከነዚህ ሁሉ ሊቀድም የሚገባው፣ ነገር ግን ብዙ ጊዜ የሚዘነጋ አንድ መመዘኛ አለ፤ ይኸውም ቃሉን ያነበበ ሠራተኛ የሚገባውን ሥራ ይሠራል ወይ የሚለው ነው። ስያሜው አምሮ ሳለ ሠራተኛውን ወደማይገባ ተግባር የሚመራው ከሆነ፣ ጉዳቱ በቃላቱ መዝገብ ሳይወሰን ወደ ሥራው ይዘልቃል።

ይህ ጽሑፍ መመዘኛውን በአንድ ጠባብ መስክ ላይ ይፈትናል። መስኩ የሰዎችንና የመሥሪያ ቤቶችን ስም፣ የመግቢያ ቃልና የሥራ ምድብ የሚይዘው፣ በእንግሊዝኛ አጠራሩ “ዳይሬክቶሪ ሰርቨር” የሚባለው የኮምፒዩተር መዝገብ ነው። በተለይም የመዝገቡ ቅጂዎች እርስ በርሳቸው መስማማታቸውን ለመከታተል የሚያስፈልገው ፈቃድ ሲጓደል፣ ጉድለቱን ፈልጎ ለማግኘት የምንጠቀምባቸው ቃላት ይመረመራሉ።

ነገሩ የከተማ ባለሙያዎች ጉዳይ ብቻ ነው የሚል አንባቢ ሊኖር ይችላል። አይደለም። ወረዳኔት የተባለው መስመር በ1990ዎቹ ዓ.ም. የወረዳ ጽሕፈት ቤቶችን ከበላይ መሥሪያ ቤቶች ጋር ማገናኘት ከጀመረ ወዲህ፣ በአንድ ቦታ የተጻፈ ነገር በሌላ ቦታ መነበቡ የወረዳም ጉዳይ ሆኗል። የአማርኛ ስያሜ ይበልጥ የሚያስፈልገውም እዚያ ነው፤ እንግሊዝኛውን የሚያነብ ባለሙያ ጥቂት፣ የአማርኛውን ደብዳቤ አንብቦ ውሳኔ የሚሰጠው ኃላፊ ግን ብዙ ነውና።

1. የነገሩ አሠራር

ለመግባባት ያህል አንድ ምሳሌ እናቁም። በባሕር ዳር፣ በፍኖተ ሰላምና በጅጋ አንድ ዐይነት መዝገብ የያዙ ሦስት ሰርቨሮች አሉ እንበል። ጅጋ ላይ የተጻፈ አዲስ ስም ወደ ፍኖተ ሰላምና ወደ ባሕር ዳር ይላካል፤ ባሕር ዳር ላይ የተጻፈውም ወደ ጅጋ ይመጣል። እያንዳንዱ ሰርቨር ለማን እንደሚልክ የሚገልጽ ጽሑፍ በገዛ ራሱ ማደራጃ ክፍል ይይዛል። በዚያው ጽሑፍ ላይ የመጨረሻው መላክ መቼ እንደተጀመረ፣ መቼ እንዳበቃና በምን ውጤት እንዳበቃ ይመዘገባል። የሦስቱን መዝገቦች መስማማት የሚከታተል ባለሙያ ወይም መሣሪያ የሚያነበው ይህንኑ ነው።

እነዚህ ሰርቨሮች የሚነጋገሩበት ኤልዳፕ የተባለው ሥርዐት በአሜሪካ በሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ የተጀመረ ሲሆን፣ የመጀመሪያው መግለጫው በ1993 እ.ኤ.አ.፣ ሦስተኛው እትም ደግሞ በ1997 እ.ኤ.አ. ወጥቷል። ከዚያው ዘር የመጣውና ምሳሌዎቻችንን የምንወስድበት “389 ዳይሬክቶሪ ሰርቨር” ስሙን በ2009 እ.ኤ.አ. ያገኘው ሥርዐቱ ከሚጠቀምበት የበር ቁጥር ነው። ስሙ ቁጥር በመሆኑ ተርጓሚን አያስቸግርም። ችግሩ ያለው በቀሩት ስሞች ላይ ነው።

2. “ማውጫ”

“ዳይሬክቶሪ” የሚለውን “ማውጫ” ማለት ተለምዷል። ልማዱ ከስልክ ቁጥር ማውጫ የመጣ በመሆኑ መሠረት አለው። ነገር ግን ማውጫ በአማርኛ ሌላ ነገር ፈልጎ ለማግኘት የሚያገለግል መሪ ነው፤ የመጽሐፍ ማውጫ ገጽ ያመለክታል እንጂ ራሱ ንባቡ አይደለም። እዚህ ላይ የምንናገርለት መዝገብ ግን ዋናው ራሱ ነው። አንድ ስም ከዚህ ከተሰረዘ የሰውየው መግቢያ ተሰርዟል ማለት ነው። በተጨማሪም ያው “ማውጫ” የሚል ቃል በኮምፒዩተር ላይ ፋይሎች ለሚቀመጡበት ክፍል ስለሚውል፣ “የማውጫው ፈቃድ ተስተካክሏል” የሚል ዐረፍተ ነገር ሁለት ፈጽሞ የማይገናኙ ሥራዎችን ሊያመለክት ይችላል።

የአገራችን ጽሕፈት ቤቶች ለዋናው መዝገብ ቀድሞም ስም ነበራቸው፤ “ባሕረ መዝገብ” ወይም በዘልማድ “ባሕር መዝገብ” ይባላል። ሌላው ወረቀት ሁሉ የሚመሳከረው ከርሱ ጋር ነው። የግእዙ ዘርፍ አያያዝ ይከብዳል የሚል ቢኖር፣ ከጅጋ ወደ ቡሬ የሚጓዝ መንገደኛ ሁሉ “ፍኖተ ሰላም” የሚለውን ስም ትርጉም ሳይጠይቅ እንደሚጠራ ማስታወስ ይበቃል። “ሰርቨር” ግን ባለበት ቢቆይ ይሻላል። “አገልጋይ” የሚለው ቃል በቤተ ክርስቲያንም በቤትም ሰውን የሚያመለክት ስለሆነ፣ “አገልጋዩ ፈቃድ ከለከለ” ሲባል ሰሚው ሰው ይፈልጋል።

3. “ማባዛት”

“ሪፕሊኬሽን” ለሚለው ሦስት ቃላት ይወዳደራሉ፦ “ማባዛት”፣ “ግልባጭ” እና “ቅጂ”።

“ማባዛት” በትምህርት ቤት ከአራቱ የሒሳብ መደቦች አንዱ፣ በጽሕፈት ቤት ደግሞ አንዱን ወረቀት በማሽን ብዙ ማድረግ ነው። በሁለቱም ትርጉም ሥራው አንድ ጊዜ ተሠርቶ ያበቃል። የተባዛው ወረቀት ዋናው ቢለወጥ አይለወጥም። የመዝገብ ቅጂዎች ግን ዋና ጠባያቸው አንዱ ሲለወጥ ሌላው መከተሉ ነው። “መዝገቡ ተባዝቷል” የሚል ሪፖርት የደረሰው ኃላፊ ሥራው አልቋል ብሎ ፋይሉን ቢዘጋ ጥፋቱ የእርሱ አይደለም፤ ቃሉ እንደዚያ ነግሮታልና።

“ግልባጭ” ከዚህ ይልቅ ጠንካራ የጽሕፈት ቤት ታሪክ አለው። ከደብዳቤ ግርጌ “ግልባጭ” ተብሎ የሚዘረዘረው ግን ለማሳወቅ የሚላክ እንጂ ከዋናው እኩል ሥልጣን ያለው ጽሑፍ አይደለም። በምሳሌያችን የጅጋው መዝገብ ከባሕር ዳሩ እኩል የሚጻፍበት ስለሆነ ግልባጭ ሊባል አይችልም።

“ቅጂ” የተሻለው ነው። “ቀዳ” ከሚለው ግስ የወጣ ሲሆን፣ ግሱ ውሃን ከምንጭ፣ ጠላን ከጋን፣ ጽሑፍን ከዋናው መውሰድን አንድ ላይ ይዟል። ጥንቃቄ የሚያሻው ግን መቅዳቱ ብቻውን በቂ አለመሆኑ ነው። ዋሸራንና ጎንጅን የመሰሉ የቅኔ ቤቶች ባፈራው በጎጃምም ሆነ በሌላው አገር፣ ብራና የሚቀዳ ቁም ጸሐፊ ሥራው የሚጠናቀቀው ከቀዳ በኋላ ከዋናው ጋር ሲታረም ነው። በዘመናዊው ጽሕፈት ቤትም ቅጂ የሚታመነው ከዋናው ጋር መመሳከሩ በማኅተም ሲረጋገጥ ነው። ገበሬው በእጁ የያዘው የመሬት ይዞታ ማረጋገጫ ደብተር በወረዳ ካለው መዝገብ ጋር መስማማቱ ምን ያህል እንደሚያሳስበው የሚያውቅ ሁሉ፣ ዋናው ጥያቄ የቅጂው መኖር ሳይሆን መስማማቱ መሆኑን ይረዳል። ስለዚህ ዕቃውን “ቅጂ”፣ ሒደቱን “ቅጂ ማስማማት”፣ የመስማማቱን ምርመራ “ማመሳከር” ብለን ብንለይ ሦስቱም ቃላት ከሕዝቡ አፍ የወጡ ይሆናሉ።

4. “ስምምነት”

ቀደም ብለን ለማን እንደሚላክ የሚገልጽ ጽሑፍ ያልነውን እንግሊዝኛው ስምምነት ይለዋል። ተርጓሚዎችም ይህንኑ ተከትለው “ስምምነት” ወይም “ውል” ይላሉ። እዚህ ላይ ጥፋቱ የእንግሊዝኛው ነው፤ ተርጓሚው ግን ጥፋቱን እንዲወርስ የሚያስገድደው ነገር የለም።

ውል በአገራችን ሁለት ወገን ያለው፣ በሁለት ቅጂ ተጽፎ በየእጅ የሚያዝ ነገር ነው። ይህኛው ጽሑፍ ግን የሚገኘው በላኪው ሰርቨር ላይ ብቻ ነው። ተቀባዩ አይፈርምበትም፤ ቅጂውም የለውም። ከባሕር ዳር ወደ ጅጋ የሚላከውን “ስምምነት” ጅጋ ላይ የሚፈልግ ሠራተኛ አያገኘውም፤ ባለማግኘቱም የተበላሸ ነገር ያለ ይመስለዋል። “የመላኪያ ትእዛዝ” ቢባል ግን ትእዛዝ የሚገኘው በታዛዡ እጅ መሆኑን ማንም ስለሚያውቅ፣ ሠራተኛው ያለ ተጨማሪ ማብራሪያ ላኪው ዘንድ ሔዶ ይፈልገዋል። ወገኖቹንም “ላኪ” እና “ተቀባይ” ማለት ይበቃል።

5. “ቁጥጥር”

“ሞኒተሪንግ” በአንዳንዱ ጽሑፍ “ቁጥጥር”፣ በሌላው “ክትትል” ተብሏል። ልዩነቱ የጣዕም ጉዳይ ይመስላል፤ ውጤቱ ግን ከባድ ነው። ተቆጣጣሪ በመሥሪያ ቤት ልማዳችን የማስቆም፣ የማረምና የማዘዝ ሥልጣን ያለው ሰው ነው። “ለተቆጣጣሪው መሣሪያ መግቢያ ይሰጠው” የሚል ደብዳቤ የደረሰው የሰርቨር ኃላፊ፣ ለተቆጣጣሪ የሚመጥን መግቢያ ይሰጣል፤ ይኸውም ብዙ ጊዜ የበላይ አስተዳዳሪው ስምና የምስጢር ቃል ነው። ከዚያ ወዲያ ማንበብ ብቻ የሚያስፈልገው መሣሪያ መዝገቡን ሁሉ ሊሰርዝ የሚችል ቁልፍ ተሸክሞ ይኖራል። ቁልፉም በመሣሪያው የማደራጃ ፋይል ውስጥ ተጽፎ ይቀመጣል።

የቤተ ክርስቲያን ዕቃ ቤት ይህንን ልዩነት ከጥንት ጀምሮ ያውቀዋል። ንዋየ ቅድሳቱን ቆጥሮ የሚመዘግበው ሰው ዕቃውን የማውጣት ሥልጣን የለውም፤ ቁልፉ ያለው በሌላ እጅ ነው። “ክትትልና ግምገማ” በሚለው የተለመደ አነጋገር ውስጥ “ክትትል” ከማየትና ከመመዝገብ ያለፈ ትርጉም ስለሌለው፣ ለዚህ ሥራ የሚገባው እርሱ ነው። መሣሪያውም “ተከታታይ” ቢባል ከተራ ቁጥር ጋር ይምታታልና “የክትትል ስም” ማለቱ ይመረጣል።

6. “ፈቃድ”፣ “መብት” እና “ሥልጣን”

የዚህ ሒስ ዋና ቦታ ይህ ነው። “ፐርሚሽን” የሚለውን “ፈቃድ” ማለት ስሕተት የለበትም። ነገር ግን “ፈቃድ” በአማርኛ የአንድ ሰው ውዴታ፣ የሠራተኛ ዕረፍት፣ የንግድ ወረቀትም ነው። በነዚህ ሁሉ ውስጥ ሰጪ፣ ተቀባይና የተሰጠበት ጊዜ አለ። በሰርቨሩ ውስጥ ያለው ፈቃድ ግን በመዝገቡ ላይ የተጻፈ ቋሚ ድንጋጌ ነው። ከዚህም በላይ በቅጂ ማስማማት ሥራ ውስጥ “ፈቃድ” የሚባሉት ነገሮች ሦስት ናቸው።

የመጀመሪያው ላኪው ለውጥን ወደ ተቀባዩ ለማስገባት የሚያስፈልገው ነው። ይህ በተቀባዩ ማደራጃ ላይ “ከዚህ ስም የመጣ ለውጥ ይግባ” ተብሎ ይጻፋል። ሁለተኛው የመላኪያውን ትእዛዝና ውጤቱን ለማየት የሚያስፈልገው ነው፤ ይህ ደግሞ ትእዛዙ ባለበት ሰርቨር ላይ በሚጻፍ የፈቃድ ድንጋጌ ይሰጣል። ሦስተኛው የበላይ አስተዳዳሪው ነው፤ እርሱ በእነዚህ ድንጋጌዎች አይገደብም። ሦስቱንም “ፈቃድ” ብሎ መጥራት ሦስት በር ባለው ቤት “በሩ ተዘግቷል” እንደማለት ነው።

የምናቀርበው ሐሳብ ቀላል ነው። “ፈቃድ” ብቻውን አይቁም፤ ሁልጊዜ “የመላክ ፈቃድ” ወይም “የማንበብ ፈቃድ” ይባል። “ሥልጣን” ለበላይ አስተዳዳሪው ብቻ ይቀመጥ፤ ከሹመት የሚመነጭና ከተራው ድንጋጌ በላይ የሆነ ኃይል ነውና። “መብት” ለሕግ ቋንቋ ይቅር።

በማንበብ ፈቃድ ውስጥ አንድ ተጨማሪ ወጥመድ አለ። ሰርቨሩ አንድን ነገር ፈልጎ ማግኘትን እና ይዘቱን ማንበብን ለይቶ ይፈቅዳል፤ የክትትል ስም ሁለቱም ያስፈልጉታል። የመጀመሪያውን “የመፈለግ መብት” ያሉት አሉ። “ፈለገ” በአማርኛ ወደደ፣ ተመኘም ማለት ስለሆነ፣ ሐረጉ የመመኘት መብት ሊመስል ይችላል። የመመኘት መብት ደግሞ ለማንም አልተከለከለም። “የማሰስ ፈቃድ” ቢባል ይጠራል። እንደዚሁም አጠቃላዩን ሥርዐት “የመዳረሻ ቁጥጥር” ማለት የእንግሊዝኛውን አካሔድ በቃል መከተል ነው። የአውቶቡሱ መዳረሻ ቡሬ ነው ስንል የጉዞውን ፍጻሜ መናገራችን ነው። “የፈቃድ ሥርዐት” ይበቃል።

7. የሰርቨሩ መልሶች

ስሞቹ ከተስተካከሉ በኋላም ሰርቨሩ የሚመልሳቸው ዐረፍተ ነገሮች ይቀራሉ። አራቱን እንይ።

ሀ) ባዶ መልስ። የክትትል ስሙ የማሰስና የማንበብ ፈቃድ ከሌለው፣ ሰርቨሩ “አልተፈቀደልህም” አይልም። ጥያቄው በደኅና ተፈጽሞ ያገኘው ዝርዝር ባዶ መሆኑን ብቻ ይመልሳል። ይህንን “ምንም የለም” ብሎ መተርጎም ሐሰት ነው፤ ሰርቨሩ የተናገረው ስለ ነገሩ መኖር ሳይሆን ስለ ጠያቂው ማየት ነው። አማርኛ “የለም” እና “አይታይም” የሚሉትን አጥርቶ የሚለይ ቋንቋ ሆኖ ሳለ፣ ተርጓሚው ልዩነቱን ማጥፋቱ ያሳዝናል። ትክክለኛው “ለዚህ ስም የሚታይ ነገር አልተገኘም” ነው።

የስሕተቱ ዋጋ ይታይ። “የለም” የሚለውን ያነበበ ሠራተኛ የጅጋው የመላኪያ ትእዛዝ ጠፍቷል ብሎ ይደመድማል። ትእዛዙን እንደ አዲስ ጽፎ፣ ለጥንቃቄ ብሎ የጅጋውን ቅጂ ከባሕር ዳሩ እንደገና ይሞላዋል። እንደገና መሙላት ማለት የተቀባዩን መዝገብ አጥፍቶ በላኪው መተካት ነው። መስመር ተቋርጦ ሳለ ጅጋ ላይ ተጽፎ ገና ያልተላከ ስም ካለ አብሮ ይጠፋል። የጎደለው የማንበብ ፈቃድ ብቻ ነበር፤ የጠፋው ግን የሰው ስም ሆነ።

ለ) “ስሕተት (0)”። በ389 ሰርቨር ላይ መላኩ በተሳካ ጊዜ የሚታየው መልእክት ስሕተት በሚለው ቃል ይጀምርና ዜሮ ቁጥር አስከትሎ፣ ቅጂው እንደተገኘና ለውጡ በሚገባ እንደተላከ ይናገራል። በቃል በቃል ትርጉም “ስሕተት (0) ... ተሳክቷል” የሚል እርስ በርሱ የሚጣላ ዐረፍተ ነገር ይወጣል። እዚህ ላይ ታማኝነት ማለት ቃሉን መከተል አይደለም። “የውጤት ቁጥር 0፤ ለውጡ ተልኳል” ማለት ይገባል።

ሐ) ቅጂው ሥራ በያዘ ጊዜ የሚታየው መልስ። ሌላ ላኪ ለዚያው ተቀባይ እየላከ ከሆነ፣ ተራ የሚጠብቀው ላኪ ቅጂውን ማግኘት እንዳልቻለ ይነግረናል። “ማግኘት አልተቻለም” የሚለው ትርጉም አንባቢውን ያስደነግጣል። ስልክ ሲደውል “መስመሩ ተይዟል” የሚል መልስ የለመደ ሰው ግን ምን ማድረግ እንዳለበት ያውቃል፤ ቆይቶ ይደውላል። ስለዚህ “ቅጂው ተይዟል፤ ቆይቶ ይሞከራል”።

መ) “ፈቃድ ተከልክሏል”። ይህ መልስ በመላኪያው ውጤት ላይ ሲታይ የሚመለከተው የመላክ ፈቃድን ብቻ ነው። ተርጓሚው ባለቤቱንና ተሳቢውን ካላወጣ፣ ሠራተኛው ለክትትል ስሙ የማንበብ ፈቃድ በመጨመር ጊዜውን ያባክናል። “ይህ ላኪ ወደዚህ ተቀባይ ለውጥ እንዲያስገባ አልተፈቀደለትም” ቢባል፣ መድኃኒቱ በተቀባዩ ላይ የላኪውን ስም መጻፍ መሆኑን ዐረፍተ ነገሩ ራሱ ያመለክታል።

8. የስያሜዎቹ ፈተና

ስያሜ በተናጠል ሳይሆን በመመሪያ ውስጥ ገብቶ ሊፈተን ይገባዋል። ከላይ በቀረቡት ቃላት የተጻፈ አጭር መመሪያ እነሆ፦

“የቅጂ ማስማማት ሁኔታ በማይታይበት ጊዜ፣ በመጀመሪያ በላኪው ሰርቨር ላይ በክትትል ስም ገብተህ የመላኪያ ትእዛዞችን አስስ። ቀጥሎ ያንኑ አሰሳ በበላይ አስተዳዳሪ ሥልጣን ድገመው። ሁለቱም ካላዩ የመላኪያ ትእዛዝ አልተጻፈም። አስተዳዳሪው አይቶ የክትትል ስሙ ካላየ፣ የጎደለው የማሰስና የማንበብ ፈቃድ ነው፤ ለክትትል ስሙ እነዚህን ብቻ የሚሰጥ ድንጋጌ በትእዛዞቹ ላይ ጻፍ፤ የመጻፍ ፈቃድ አትጨምር። ሁለቱም ካዩ የመጨረሻውን የውጤት ቁጥር አንብብ። ምክንያቱ ሳይታወቅ ተቀባዩን እንደገና አትሙላ።”

በዚህ መመሪያ ውስጥ ለአንድ የወረዳ ጽሕፈት ቤት ሠራተኛ እንግዳ የሚሆን ቃል “ሰርቨር” ብቻ ነው፤ እርሱንም ያውቀዋል። ይኸው መመሪያ “ማውጫ”፣ “ማባዛት”፣ “ስምምነት”፣ “ቁጥጥር” እና “ፈቃድ” በሚሉት ቢጻፍ ግን ሁለተኛውና አራተኛው ዐረፍተ ነገር ምን እንደሚሉ ለመለየት እንግሊዝኛውን መጠየቅ ግድ ይሆናል።

9. ሊነሣ ስለሚችለው ተቃውሞ

ባለሙያዎች በአፋቸው “ሪፕሊኬሽኑ ቆሟል” ይላሉ፤ ይግባባሉም፤ ታዲያ አማርኛው ለምን ያስፈልጋል የሚል ተቃውሞ መምጣቱ አይቀርም። በባለሙያዎች መካከል ለሚደረገው ንግግር ተቃውሞው እውነት አለው፤ ማንም ሊከለክላቸው አይገባም። ነገር ግን “ፐርሚሽን የለውም” የሚለው ንግግር በደብዳቤ ሲጻፍ መተርጎሙ አይቀርም። ባልታሰበበት ቃል ከሚተረጎም በታሰበበት ቢተረጎም ይሻላል።

በአንጻሩ ለእያንዳንዱ ነገር አዲስ የግእዝ ቃል እንፍጠር የሚለውም ወገን ልከኛ ሊሆን ይገባዋል። በ1960ዎቹ ዓ.ም. ከተስፋፉት ቃላት “ርዕዮተ ዓለም” እስካሁን ሲሠራበት፣ “ወዛደር” ከዘመኑ ጋር ከቢሮ ቋንቋ ርቋል። የቃልን ዕድሜ የሚወስነው የፈጣሪው ሊቅነት ብቻ አይደለም፤ ነገሩ ከሰው ሥራ ጋር መቆየቱና ቃሉ ለሥራው መመቸቱም ነው። ከላይ ከቀረቡት ስያሜዎች አንዱም አዲስ የተፈጠረ አለመሆኑን አንባብያን ያስተውላሉ። ሁሉም በጽሕፈት ቤት፣ በቤተ ክርስቲያን፣ በገበያና በስልክ ላይ ሲሠራባቸው የኖሩ ናቸው።

ማጠቃለያ

በውይይት እንዲዳብሩ የሚቀርቡት ስያሜዎች እነዚህ ናቸው፦ ለዳይሬክቶሪ “ባሕረ መዝገብ”፤ ለሰርቨር “ሰርቨር”፤ ለሪፕሊካ “ቅጂ”፤ ለሪፕሊኬሽን “ቅጂ ማስማማት”፤ ለሪፕሊኬሽን ስምምነት “የመላኪያ ትእዛዝ”፤ ለሞኒተሪንግ “ክትትል”፤ ለፐርሚሽን ከዘርፉ ጋር “የማሰስ”፣ “የማንበብ”፣ “የመላክ ፈቃድ”፤ ለበላይ አስተዳዳሪው ኃይል ብቻ “ሥልጣን”።

ከነዚህ “ባሕረ መዝገብ” እና “ቅጂ ማስማማት” ክርክር ሊነሣባቸው ይችላል፤ የተሻለ ቢገኝ መተካታቸው ጉዳት የለውም። “ክትትል” ከ“ቁጥጥር”፣ “አይታይም” ከ“የለም” መለየታቸው ግን ለምርጫ የሚተው አይደለም። በመጀመሪያው ላይ የመዝገቡ ቁልፍ በማን እጅ እንደሚሆን፣ በሁለተኛው ላይ ደግሞ የተጻፈ ስም በከንቱ መጥፋት አለመጥፋቱ ይወሰናል። ስለዚህ ተርጓሚዎች ሌላውን ለውይይት አቆይተው ሁለቱን ከዛሬ ጀምሮ ቢለዩ መልካም ነው።